ለታችኛው ሊግ ቡድን ታክቲክ ማስተካከል፦ በፉትቦል ማኔጀር ደረጃ በደረጃ

ፉትቦል ማኔጀር የእግር ኳስ ቡድን የምታሠለጥኑበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በትልቅ ክለብ ዋንጫ ያነሳችሁበትን ታክቲክ ይዛችሁ ወደ ታች ወረዳችሁ። ቡድኑ በእንግሊዝ ስድስተኛ እርከን፣ በናሽናል ሊግ ኖርዝ ወይም ሳውዝ ይጫወታል። 4 ለ 1 ተሸነፋችሁ። ቀጥሎ 3 ለ 0። ፎርሜሽን ቀየራችሁ፣ ሌላ ታክቲክ አወረዳችሁ፣ ያው ሆነ።

ታክቲክ ላይ የምትጫኗት እያንዳንዷ ትዕዛዝ ከተጫዋቹ አንድ ችሎታ ትጠይቃለች። ከኋላ ኳስ መሥርቶ መውጣት ኳስ የሚያበርድ ተከላካይ ይፈልጋል። ሜዳ ሙሉ ፕሬስ ማድረግ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ሮጦ ማስጨነቅ፣ 90 ደቂቃ የሚሮጥ እግር ይፈልጋል። ትልቁ ክለብ ይህ ሁሉ አለው። የእናንተ ቡድን ደግሞ ምናልባት ጥቂቱ ብቻ ይኖረው ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ታች አብዛኛው ሥራ መቀነስ ነው። የማይችሉትን እያነሳችሁ የሚችሉትን ማስቀረት።

መመሪያው የተጻፈው በ2024ቱ እትም ስሞች ነው። በ2026ቱ እትም ዲዩቲ የሚባለው (ተጫዋቹ ያጥቃ፣ ይደግፍ ወይስ ይከላከል የሚለው ምርጫ) ቀርቷል፤ ኳስ ስትይዙና ኳስ ስታጡ የሚኖረው ፎርሜሽንም ለየብቻ ይሠራል። ቁልፎቹ ቦታ ቢቀይሩም የሥራው ቅደም ተከተል ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጊዜውን ምረጡ። የሚሻለው የቅድመ ውድድር ዝግጅት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ውድድሩ ከተጀመረ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሩ። ደረጃ 3ን እና ደረጃ 6ን ብቻ አሁን ሥሩ፤ የቀረውን ለክረምቱ አቆዩት።

ጨዋታውን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። ተመልሳችሁ የድሮውን ታክቲክና ቁጥሮች ማየት ያስፈልጋችኋል።

ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ብቻ ጻፉ። በጭንቅላት የተያዘ ነገር ከሦስት ሽንፈት በኋላ ይጠፋል።

የተጫዋቾቹን ውል እዩ። ሙሉ ጊዜ ናቸው ወይስ ፓርት ታይም? ፓርት ታይም ከሆኑ በሳምንት የሚሠሩት ልምምድ ጥቂት ነው። አዲስ ታክቲክ ለመልመድም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ደረጃ 1፦ ቡድናችሁን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ደረጃ ነው። የሚወድቀውም እዚሁ ነው። አንድ ሰዓት ስጡት።

1. ስኳድ ገጽ ላይ የራሳችሁን ቪው ሥሩ። ዐሥር ዓምድ ይበቃል፦ ፔስ፣ አክስለሬሽን፣ ጃምፒንግ ሪች፣ ስታሚና፣ ዎርክ ሬት፣ ፈርስት ተች (ኳስ ማብረድ)፣ ፓሲንግ (ማቀበል)፣ ኮምፖዠር (መረጋጋት)፣ ዲሲዥንስ (ውሳኔ)፣ ኮንሰንትሬሽን (ትኩረት)።

2. ቲም ሪፖርት ውስጥ ኮምፓሪዞን የሚለውን ክፈቱ። ቡድናችሁን ከሊጉ ሌሎች ቡድኖች ጋር ያወዳድርላችኋል። ከሊጉ አማካይ በላይ የሆናችሁባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። በጣም ዝቅ ያላችሁባቸውንም ሦስት ጻፉ።

3. ከዚያ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በተጫዋች ስም መልሱ፦
- ማን ይሮጣል? (ፔስ እና አክስለሬሽን)
- የአየር ላይ ኳስ ማን ያሸንፋል? (ጃምፒንግ ሪች፣ ቀጥሎ ሄዲንግ)
- ሰው ተደግፎበት ኳስ የሚያበርደው ማነው? (ፈርስት ተች፣ ኮምፖዠር፣ ዲሲዥንስ)
- እስከ 90ኛው ደቂቃ ማን ይዘልቃል? (ስታሚና እና ዎርክ ሬት)

ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 20 ናቸው፤ እናንተ ግን 20ን እርሱት። ስድስተኛ እርከን ላይ ፔሱ 13 የሆነ አጥቂ ተከላካዮችን ጥሎ ይሄዳል። ያው ቁጥር ከፍተኛው ሊግ ላይ ተራ ነው። ንጽጽራችሁ ሁልጊዜ ከሊጉ ጋር ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮከቦችን አትመኑ። ረዳታችሁ ለተጫዋች የሚሰጠው ኮከብ ከራሳችሁ ቡድን ጋር ተነጻጽሮ ነው። ቡድኑ ደካማ ከሆነ ደካማው ተጫዋች አራት ኮከብ ሊያገኝ ይችላል።

ስለ ጃምፒንግ ሪች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሄዲንግን ብቻ ያያል። ጃምፒንግ ሪች ተጫዋቹ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚደርስ ነው። ሄዲንግ ደግሞ ኳሷን ካገኛት በኋላ በግንባሩ ምን ያህል በትክክል እንደሚመታት ነው። ሄዲንግ 14፣ ጃምፒንግ ሪች 6 የሆነ ተከላካይ ከረጅም አጥቂ ጋር ሲዘል ኳሷ ጋር አይደርስም። እዚህ ሊግ ላይ ኳስ አየር ላይ ብዙ ትቆያለች፤ ይህቺን አንዲት ዓምድ በደንብ እዩ።

ከመልሶቹ የሚወጣው የአጨዋወት መንገድ

ፈጣን አጥቂ ካላችሁና አማካዩ ደካማ ከሆነ፦ ወደ ኋላ ሰብሰብ በሉ፣ ኳስ ስትነጥቁ ወዲያው ከተከላካዮች ጀርባ ጣሉ።

ረጅምና ጠንካራ አጥቂ ካላችሁ፦ ኳሱን ወደ እሱ ላኩ፤ ከጎኑ ግን የሚወድቀውን ሁለተኛ ኳስ የሚለቅም ሰው ይኑር።

ፍጥነትም ቁመትም ከሌላችሁ፣ ነገር ግን ዎርክ ሬትና ቲምዎርክ ጥሩ ከሆነ፦ መሀል ሜዳ ላይ ተጠጋግታችሁ ጠብቁ፣ ጠባብ ተጫወቱ።

ከአራቱ አንዱም ከሌለ፦ ትኩረታችሁን በሙሉ ከቆሙ ኳሶች ላይ አድርጉ፤ ጎን ለጎን በውሰት የሚመጣ አንድ ፈጣን ልጅ ፈልጉ። ከላይኛው ሊግ ክለቦች ወጣት ቡድን የሚገኙ ልጆች ብዙ ጊዜ ደመወዛቸውን ዋናው ክለብ ይሸፍናል።

አንዱን ምረጡ። ሁለት መንገድ ማዳቀል ቡድኑን ያደናግረዋል።

ደረጃ 2፦ ፎርሜሽን

እዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። በቂ ሰው ያላችሁበትን ምረጡ። ለእያንዳንዱ ቦታ በተፈጥሮ የሚጫወትበት ሁለት ሰው ቁጠሩ። ካልሞላ ያ ፎርሜሽን የእናንተ አይደለም።

ጥርጣሬ ካላችሁ 4-4-2 ውሰዱ። በታችኛው ሊግ ተጫዋች በቀላሉ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁለት አጥቂ ስላለ ረጅም ኳስ ሲጣል አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ይለቅማል። አራት አራት ሰው የቆመባቸው ሁለት መስመሮችም ብዙ ትዕዛዝ ሳያስፈልጋቸው ቅርጻቸውን ይይዛሉ። ሦስት ደህና የመሀል ተከላካይ ኖሯችሁ የክንፍ ተጫዋች ከሌላችሁ 5-3-2 ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 2024ቱ እትም ድረስ ሰሌዳው ላይ የምትሥሉት ፎርሜሽን ኳስ ስታጡ የምትቆሙበት ነው። ክንፎቹን ከአጥቂው ጎን ወደ ላይ ከሰቀላችኋቸው ወደ ኋላ መመለስ ይዘገያሉ። የመስመር ተከላካዩ ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ይቀራል። 4-2-3-1 ከላይ ሲያምር ከታች የሚያፈሰው በዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ትዕዛዞቹን አራግፉ

1. የቡድን ትዕዛዞችን በሙሉ አጥፉ። ባዶ ይሁን።

2. ሜንታሊቲውን ባላንስድ (ሚዛናዊ) ላይ አድርጉ። ሜንታሊቲ ስሙ የስሜት ይመስላል እንጂ የሚቀይረው ብዙ ነው። ወደ አታኪንግ ስትወስዱት የኋላ መስመሩ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ተጫዋቾቹ የበለጠ አደጋ ይወስዳሉ። ምንም ትዕዛዝ ሳትጨምሩ አምስት ትዕዛዝ እንደጨመራችሁ ነው። የመውረድ ስጋት ያለበት ቡድን ከሆነ ኮሺየስ (ጠንቃቃ) ጥሩ መነሻ ነው።

3. የበረኛውን ኳስ አወጣጥ ወስኑ። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ቀጥሎ ተለይቶ አለ።

4. የቅብብሉን ርዝመትና ፍጥነት አንድ ላይ አስተካክሉ። አጭር ቅብብልና ከፍተኛ ፍጥነት በአንድ ላይ በታችኛው ሊግ ገዳይ ነው። ተጫዋቹ በአንድ ንክኪ አብርዶ፣ አይቶ፣ ወስኖ፣ በትክክል እንዲያቀብል ትጠይቁታላችሁ። ፈርስት ተቹ 7፣ ዲሲዥንስ 7 ነው። ቀጥተኛ ቅብብልና በመጠኑ ከፍ ያለ ፍጥነት ይስማማል። አጭር መጫወት ካማራችሁ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ።

5. አሁን ከመረጣችሁት መንገድ ጋር የሚሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ትዕዛዞች ብቻ ጨምሩ። ለፈጣን አጥቂ ፓስ ኢንቱ ስፔስ (ወደ ባዶ ቦታ ማቀበል) እና ካውንተር (መልሶ ማጥቃት)። ለረጅም አጥቂ ሂት ኧርሊ ክሮስስ (ቶሎ ማሻማት)። ከቆመ ኳስ ለሚኖር ቡድን ፕሌይ ፎር ሴት ፒስስ።

ጠቅላላ ድምሩ ከስድስት እንዳይበልጥ። ሰባተኛውን ለመጨመር ከፈለጋችሁ ከስድስቱ አንዱን አውጡ።

ከኋላ ኳስ መሥርቶ መውጣት

ፕሌይ አውት ኦፍ ዲፌንስ የምትለዋን ቁልፍ አንሱ። ለምን እንደሆነ በአንድ ጨዋታ ላሳያችሁ።

ኅዳር ላይ ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው። በረኛው ኳሱን በእጁ ወደ ቀኝ የመሀል ተከላካይ አንከባለለ። ተከላካዩ ፈርስት ተቹ 5፣ ኮምፖዠሩ 6 ነው። ኳሷ እግሩን መታችና ሁለት ሜትር ወደ ፊት ሸሸች። አጥቂያቸው ቀድሞ ደረሰ። በረኛውና አጥቂው ለብቻ ተፋጠጡ፤ ጎል። በዚያ ጨዋታ ይኸው ነገር ሦስት ጊዜ ተደገመ። እኔ ግን አጫጭር ሃይላይት ብቻ ስለማይ የመሀል ተከላካዩን ወቅሼ፣ ልጁን ቀየርኩት። ተቀያሪውም ፈርስት ተቹ 6 ነበር። ጨዋታውን በሙሉ መልሼ ሳየው ነው ጥፋቱ የእኔ ትዕዛዝ መሆኑ የገባኝ። ልጁ የማይችለውን አዝዤው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦
- በረኛው ኳስ ሲያወጣ ቴክ ሎንግ ኪክስ ምረጡ፤ መድረሻውን ረጅሙ አጥቂ አድርጉ።
- የበረኛውን ኪኪንግ ቁጥር እዩ። ዝቅተኛ ከሆነ ረጅም ምቱ መሀል ሜዳ ሳይደርስ ይወድቃል፤ ተጋጣሚም ይቀማዋል። እንዲህ ከሆነ ለመስመር ተከላካዮች ያድርስ።
- ዲስትሪቢዩት ኩዊክሊ (ኳሱን ቶሎ ማውጣት) የሚለውን ፈጣን አጥቂ ካላችሁ ብቻ አብሩ። ያለዚያ ስሎው ፔስ ዳውን ይሻላል፤ ቡድኑ ቦታውን ይዞ ይተነፍሳል።

ደረጃ 4፦ ኳስ ስታጡ

ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ ተከላካዮቹ የሚቆሙበት ነው፤ ሌላው ፕሬስ የሚጀመርበት። ሁለቱ ሲራራቁ በመሀላቸው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ተጋጣሚ አማካይ እዚያ ቆሞ እንደልቡ ይጫወታል። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አንቀሳቅሱ።

1. ፕሬስ የሚጀመርበትን መስመር ሚድ ብሎክ (መሀል ሜዳ) አድርጉ።

2. የኋላ መስመሩን ስታንዳርድ አድርጉ። ተከላካዮቹ ቀርፋፋ ከሆኑ አንድ እርከን ዝቅ አድርጉት።

3. የፕሬሱን መጠን እንዳለ ተዉት። ሙች ሞር ኦፍን (በጣም ደጋግሞ) የሚለውን አትንኩ። ስታሚናቸው 9 እና 10 የሆኑ ልጆች በ60ኛው ደቂቃ ይደክማሉ። የደከመ ተጫዋች ቦታውን ይለቃል፣ ዘግይቶ ገብቶም ፋውል ይሠራል። የናሽናል ሊግ ኖርዝ ወይም ሳውዝ ቡድን በሊግ ብቻ 46 ጨዋታ ይጠብቀዋል። በታኅሣሥ ጉዳት ቤንቹን ባዶ ያደርገዋል።

4. ኳስ በጠፋ ቅጽበት ሪግሩፕ ይበሉ፣ ማለትም ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ካውንተር ፕሬስ (ኳሱ እንደጠፋ ወዲያው መጫን) የሚሠራው ሁሉም አብሮ ሲሮጥ ነው። አንዱ ከቀረ በእሱ በኩል ይወጣሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በጣም ወደ ኋላ መውረድም ዋጋ አለው። ሳጥናችሁ ውስጥ ከተሰበሰባችሁ ተጋጣሚ ከክንፍ እየደጋገመ ያሻማል። የመሀል ተከላካዮቻችሁ ጃምፒንግ ሪች ዝቅተኛ ከሆነ ይህ ራስን ማጥፋት ነው። አጫጭርና ፈጣን ተከላካዮች ካሏችሁ፣ ሌሎች ሰዎች ከሚመክሯችሁ በተቃራኒ፣ ከሳጥኑ ራቅ ብላችሁ መከላከል ይሻላችኋል። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁት ወረቀት የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ሚናዎች

ቀላል ሚና ስጡ። የመሀል ተከላካይ፦ ኖ ነንሰንስ ሴንተር ባክ (ኳስ ሳያቆይ የሚያርቅ)። የመስመር ተከላካይ፦ ተራ ፉል ባክ። አማካይ፦ ተራ ሴንትራል ሚድፊልደር፣ አንዱ ዲፌንድ፣ አንዱ ሰፖርት። ክንፍ፦ ዊንገር። ከፊት፦ ታርጌት ፎርዋርድ (ረጅም ኳስ የሚላክለት) እና አድቫንስድ ፎርዋርድ (ከፊት ሆኖ የሚሮጥ)፣ ወይም ፖቸር (ግብ አፍ ላይ የሚጠብቅ)።

ወደ ውስጥ የሚገባ የመስመር ተከላካይ፣ ከኋላ ተነስቶ ጨዋታ የሚያቀናብር ሊቤሮ፣ ወደ ታች የሚወርድ ሐሰተኛ 9 ቁጥር፤ እነዚህን ለጊዜው እርሷቸው። ዲሲዥንስና ቴክኒክ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ዲዩቲዎችን ቁጠሩ። አታክ የተሰጣቸው ከሦስት አይብለጡ። አንዱ የመስመር ተከላካይ ከወጣ ሌላው ይቅር። ከሁለቱ የመሀል አማካዮች አንዱ ሁልጊዜ ዲፌንድ ላይ ይሁን። ቦል ዊኒንግ ሚድፊልደር (ኳስ ነጣቂ አማካይ) ስሙ ያጓጓል። ግን ኳስ ፍለጋ ከቦታው ይወጣል፤ ፖዚሽኒንጉና ታክሊንጉ ጥሩ ካልሆነ ከኋላው ያለው በር ይከፈታል።

የተጫዋቹን ልማዶች፣ ፕሌየር ትሬይትስ የሚባሉትን፣ ሳታዩ አትለፉ። የመሀል ተከላካያችሁ ኳስ እየነዳ ከኋላ የመውጣት ልማድ ካለው፣ ኖ ነንሰንስ ብትሉትም አልፎ አልፎ ያደርገዋል። ከሁለት አቻ ተከላካዮች እንዲህ ዓይነት ልማድ የሌለውን አሰልፉ።

ደረጃ 6፦ ከቆሙ ኳሶች ጎል ማግኘት

ለደካማ ቡድን ከዚህ የሚበልጥ እኩል መድረክ የለም። ከኮርና ላይ ተጋጣሚው ምንም ያህል ቴክኒክ ቢኖረው፣ ኳሷ ጋር ቀድሞ የሚደርሰው ነው የሚያገባው። ለዚህ ደረጃ አንድ ምሽት ሙሉ ስጡ ብል አላጋነንኩም።

ኮርና ስታገኙ፦

1. የኮርነርስ ቁጥሩ ከፍ ያለውን መቺ ምረጡ። ያ ሰው የቡድኑ ምርጥ ዘላይ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ዘላዩ ሳጥን ውስጥ ያስፈልጋል።

2. ጃምፒንግ ሪች ከፍተኛ የሆኑትን ሦስት ሰዎች ወደ ሳጥኑ ላኩ። ምርጡን ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ላይ አድርጉ፤ ቅርቡ ቋሚ ላይ ከሆነ እዚያ፣ ሩቁ ላይ ከሆነ እዚያ።

3. አንድ ጠንካራ ሰው፣ ስትሬንግዙ ከፍ ያለ፣ በረኛው አጠገብ ይቁም።

4. አንድ ሰው ከሳጥኑ ጫፍ ሆኖ የሚመለሰውን ኳስ ይጠብቅ።

5. ሁለቱን በጣም ፈጣን ተከላካዮች ከኋላ አስቀሩ። ብዙዎች የመስመር ተከላካዮቹን በልማድ ያስቀራሉ፤ እናንተ ፔስ አይታችሁ ምረጡ። ከራሳችሁ ኮርና በመልሶ ማጥቃት ጎል መቀበል ልብ ይሰብራል።

የእጅ ውርወራ፦ ሎንግ ትሮውስ የሚለውን ዓምድ ክፈቱ። 13 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ካላችሁ በሳጥኑ አቅራቢያ ያለ ውርወራ ሁሉ እንደ ኮርና ነው። አንድ የግራ መስመር ተከላካይ ነበረኝ፤ በእግሩ ብዙ አይመካም፣ ሎንግ ትሮውስ ግን 15። ልሸጠው ዝርዝር ውስጥ አስገብቼው ነበር። ረጅሙን ተከላካይ ቅርቡ ቋሚ ላይ አቁሜ ውርወራውን ወደ እሱ ካዞርኩ በኋላ፣ ኳሷ በግንባር ስትቆረጥ ሩቁ ቋሚ ላይ አጥቂው ይጠብቃታል። ልጁን ከሽያጭ ዝርዝሩ አወጣሁት።

ስትከላከሉ፦ ምርጡን ዘላይ ቅርቡ ቋሚ አካባቢ በዞን አቁሙ፤ አብዛኛው ኳስ እዚያ ያልፋል። ሁለተኛውን ግቡ መሀል ፊት ለፊት። ፈጣኑን አጥቂ ወደ ፊት አስቀሩት፤ ተጋጣሚው እሱን ለመጠበቅ ቢያንስ አንድ ሰው ለማስቀረት ይገደዳል።

ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ፦ መቺያችሁ በ65ኛው ደቂቃ ሲቀየር ኳሱን ያልታሰበ ሰው ይመታል። በመቺዎች ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ አራት ስም በቅደም ተከተል አስገቡ። ሁለቱ ከቤንች የሚነሱ ይሁኑ።

ደረጃ 7፦ አስለምዷቸው

ታክቲኩ ገጽ ላይ ተጫዋቾቹ አሠራሩን ምን ያህል እንደለመዱት የሚያሳይ መለኪያ አለ። ያ እስኪሞላ ድረስ ውጤት አትጠብቁ።

ሦስት የታክቲክ ቦታ ይሰጣችኋል። ሦስቱን በሦስት የተለያየ ፎርሜሽን አትሙሏቸው። አንድ ፎርሜሽን፣ ሁለት መልክ፦ የመጀመሪያው ዋናው፣ ሁለተኛው ያው ሆኖ ሜንታሊቲው አንድ እርከን ዝቅ ያለ። ሦስተኛውን ባዶ ተዉት።

የወዳጅነት ጨዋታዎችን ከደካማ ቡድን ጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ሁሉም ላይ ያንኑ ታክቲክ ተጠቀሙ። የልምምድ ፕሮግራሙ ላይ በሳምንት አንድ የታክቲክ ልምምድና አንድ የቆመ ኳስ ልምምድ አስገቡ። ፓርት ታይም ቡድን ካላችሁ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሌላው ይቅር፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አይቅሩ።

ደረጃ 8፦ የጨዋታው ቀን

ከጨዋታ በፊት፦ የሜዳውን ሁኔታና የአየሩን ጠባይ እዩ። ሜዳው ተበላሽቶ ወይም ዝናብ ከሆነ ቅብብሉን አንድ እርከን አስረዝሙ። የተጋጣሚ አጥቂ ፈጣን ከሆነ የኋላ መስመሩን አንድ እርከን ዝቅ አድርጉ። ከዚህ ሌላ አትነካኩ።

ከ1 እስከ 15ኛው ደቂቃ፦ ጨዋታውን ሙሉውን እዩ። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ሃይላይቱን ፉል ማች ላይ አድርጉት። አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ኳስ የምናጣው የት ነው? የራሳችን ሜዳ ላይ ከሆነ ደረጃ 3ን አላራገፋችሁም ማለት ነው።

60ኛው ደቂቃ፦ የድካም ምልክቱን እዩ። በመጀመሪያ የምትቀይሩት በጣም የደከመውን አማካይ ወይም ክንፍ ነው። ጎል ስለጎደላችሁ ብቻ አጥቂ አትደራርቡ።

75ኛው ደቂቃ፣ እየመራችሁ፦ ወደ ሁለተኛው ታክቲክ ቀይሩ። አንድ እርከን ብቻ ዝቅ በሉ፣ ሰዓት መግደሉን ጨምሩ። ቬሪ ዲፌንሲቭ ላይ ዘላችሁ አትግቡ፤ ኳሷ ተመልሳ ተመልሳ ወደ እናንተ ትመጣለች።

ሲበላሽ

ረጅም ኳስ እንጥላለን፣ ኳሱ ተመልሶ ይመጣል። አጥቂው ብቻውን ነው። ሁለተኛውን አጥቂ አጠገቡ አድርጉ፤ ሰፖርት ላይ ያለውን አማካይ ለሁለተኛው ኳስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ግፉት። አሁንም ካልሠራ የአጥቂውን ጃምፒንግ ሪች ከተጋጣሚ ተከላካዮች ጋር አነጻጽሩ። የሚበልጡት ከሆነ ኳሱን ደካማው የመስመር ተከላካያቸው ወዳለበት ጎን ላኩት።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጎል ይገባብናል። መጀመሪያ ስታሚና፣ ቀጥሎ ኮንሰንትሬሽን እዩ። የመሀል ተከላካያችሁ ኮንሰንትሬሽን 5 ከሆነ በ85ኛው ደቂቃ ሰው ይረሳል። ቅያሪዎችን በ10 ደቂቃ አስቀድሙ።

ቢጫና ቀይ ካርድ በዛ። ስቴይ ኦን ፊት የሚለውን አብሩ። ሸርተቴው ይቀንሳል።

ኳስ እንይዛለን፣ ዕድል አንፈጥርም። ይህ የሚመጣው ጥሩ መሆን ስትጀምሩ ነው። ሌሎቹ አክብረዋችሁ ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ፤ ፈጣኑ አጥቂያችሁ የሚሮጥበት ቦታ ያጣል። ያን ጊዜ ሦስተኛውን የታክቲክ ቦታ ክፈቱ፦ ያው ፎርሜሽን፣ ፖዚቲቭ፣ ሰፋ ያለ ጨዋታ፣ አንዱ የመስመር ተከላካይ አታክ ላይ። ፓስ ኢንቱ ስፔስን አጥፉ። በሜዳችሁ ከደካማ ቡድን ጋር ብቻ ተጠቀሙበት።

ሦስት ተከታታይ ሽንፈት። ታክቲኩን ከመጣላችሁ በፊት የሦስቱን ጨዋታዎች ኤክስጂ (ከተፈጠሩት ዕድሎች ጥራት ተነስቶ የሚጠበቀውን የጎል ብዛት) እዩ። የእናንተ ከተጋጣሚ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ምንም አትንኩ፤ ኳሷ አልገባችም እንጂ ሥራው ደህና ነው። በሦስቱም በሰፊው ከተበለጣችሁ አንድ ነገር ቀይሩ፣ አንድ ብቻ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፉና ሦስት ጨዋታ ጠብቁ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ፣ የትኛው እንደጎዳችሁ አታውቁም።

ወደ ላይኛው ሊግ ካደጋችሁ። ታክቲኩን ይዛችሁ ውጡ፤ ደረጃ 1ን ግን እንደገና ሥሩ። ትናንት ፈጣን የነበረው አጥቂ እዚያ መካከለኛ ይሆናል። ገንዘባችሁን መጀመሪያ በረኛና የመሀል ተከላካይ ላይ አውጡ፤ ክንፎቹ አንድ ዓመት ይታገሣሉ።